የሚያለቅሰው ባቡር

«ከነሽማግሌው ነው የተዋዋልነው። ባቡሩን ብቻውንማ ማን ይፈልገዋል!»

ጸደንያ ይህን የሰማችው ለአባቷ ሻይ ልትጥድ በማለዳ ግቢ ስትወጣ ነው። ወንድሟ አማኑኤል ከመታጠቢያው ግድግዳ ጀርባ ቆሞ፣ የጥርስ ሳሙና አፉን እንደሞላው በስልክ ይነግዳል። ቀጥሎ በፈረንሳይኛ ሳቀ። ሰው በፈረንሳይኛ ይስቃል ወይ አትበሉኝ፤ አማኑኤል ቱሪስት ማመላለስ ከጀመረ ወዲህ ሳቁም ቋንቋ አውጥቷል። በውሉ መሠረት ሽማግሌው በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ፣ ከአሥር ሰዓት እስከ ማታ ቆብ አድርጎ፣ ፊሽካ እየነፋ ይቀመጣል፤ ምሳው ከሆቴሉ ነው፤ በወር ሰማንያ ሺህ ፍራንክ ይታሰባል። ባቡሩ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ባሕሩ ዳር ወዳለው አዲስ ሆቴል እንደሚሄድ ጸደንያ ከሳምንት በፊት ሰምታለች። አባቷ አብሮ እንደሚሄድ ግን የነገራት የለም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ድስት ከነክዳኑ ይሸጣል፣ አልጋ ከነፍራሹ ይሸጣል፤ አባት ከነባቡሩ ሲሸጥ የሰማ ካለ እጁን ያውጣ።

ባቡሩ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከአሮጌው ለገሃር ጀርባ፣ ድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት በነበረው ሰፈር፣ ከሁለት ክፍልና ከአንድ ማድ ቤት በቀር ምንም በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ ስድስት ሜትር የሚሆን የሲሚንቶ ባቡር ተገትሯል። የሚጎትተው ራሱ አለ፣ አንድ ፉርጎ አለ፤ ከላይ እስከ ታች በዛጎል ተለብጧል። መስኮቶቹ የጠርሙስ ቂጥ ናቸው። በሾፌሩ ቦታ መነጽር ያደረገ የሲሚንቶ ግመል ተቀምጧል፤ ጣራው ላይ የአዋሽ ጦጣ አለ፤ ዙሪያውን በየቀለሙ ብልጭ ድርግም የሚሉ የቻይና አምፖሎች ተጠምጥመውበታል። የሠራው አባቷ አቶ ተክለወልድ ነው፤ አርባ ዓመት ምድር ባቡርን በመካኒክነት ያገለገለ፣ ዘንድሮ ሰማንያ ሁለት የሞላው። አሮጌው ባቡር ቆሞ ሐዲዱ ላይ ፍየል መዋል ሲጀምር፣ የእሱ የዛጎል ባቡር ግን ስም አወጣ። አንድ ፈረንጅ ኢንተርኔት ላይ «ጅቡቲ ከመጣችሁ ሳታዩ እንዳትሄዱ» ብሎ የጉድ ዝርዝር ሲጽፍ አራተኛ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከመርከብ የሚወርዱ አሮጊቶች፣ ከየጦር ሰፈሩ ፈቃድ የሚወጡ ወታደሮች በአምስት መቶ ፍራንክ እየገቡ ከግመሉ ጋር ፎቶ ይነሣሉ።

ስሙን ያገኘው ግን በግመሉ አይደለም። ብርድ ሲገባ፣ አየሩ ትንሽ ቀዝቀዝ ሲል፣ ባቡሩ ከዛጎሎቹ መካከል ነጭ ነገር ያወጣል። መጀመሪያ እንደ ላብ ወርዝቶ፣ ቀጥሎ እንደ ዱቄት ይደርቃል። አማኑኤል ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው መሰላችሁ? «ባቡሩ ድሬዳዋን እያሰበ ያለቅሳል፤ ጣቱን አስነክቶ የቀመሰ እንባውን ያገኘዋል» ብሎ ለቱሪስት ነገረ። ፈረንጆቹም እየቀመሱ «እውነት ነው፣ ጨው ነው!» ይላሉ፤ አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አቶ ተክለወልድ ይህን ወሬ አይወደውም። «ዛጎሉን ሰባት ጊዜ ጨው በሌለው ውሃ አጥቤዋለሁ፤ ይሄ የባሕሩ ነፋስ የሚያመጣው ነው» ይልና ለፋሲካ በብሩሽ ፈትጎ ያስለቅቀዋል። ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ይወጣል።

የባሕሩ ነፋስ አልነበረም። ይህን የምታውቀው በዚህች ምድር ላይ ጸደንያ ብቻ ናት። አባቷ ሥራውን ሲጀምር እሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ካረፈች ገና ዓመቷ ነው። አባቷ ከሥራ ሲመለስ ሲሚንቶ የሚያቦካበትን ውሃ ከሰፈሩ ቦኖ ማምጣት የእሷ ድርሻ ነበር። ቦኖውን የሚጠብቀው ዘይድ የሚባል የመናዊ ጎረቤታቸው ነው፤ ደግ ሰው፤ ለአንድ ጀሪካን ሃያ ፍራንክ ይቀበላል። ግን ሰልፉ! በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ የሴት ጋጋታ መካከል፣ ተራዋ ደረሰ ስትል አንዷ ገፍትራ ትገባለች፤ ውሃው ይቆማል፤ ነገ ተመለሱ ይባላል። ባሕሩ ደግሞ ከለገሃሩ ጀርባ እጅ ዘርግተው የሚነኩት ነው። አንድ ቀን ጀሪካኗን ከዚያ ሞላች። ሃያ ፍራንኳን ሽሮፕ የፈሰሰበት በረዶ በላችባት። አባቷ አልቀመሰውም፤ ሲሚንቶው ላይ ገለበጠው፤ ሲሚንቶውም ደረቀ፤ ምንም አልሆነም። ምንም ካልሆነ ማ ይሰለፋል? እንዲህ እያለች አምስት ዓመት ባሕር ተሸከመች። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት ነው አባቷ ለአንድ ጓደኛው ሲያስረዳ የሰማችው፦ «ሁሉን ነገር ጨው በሌለው ውሃ ነው የሠራሁት። ጨው ከገባበትማ ውስጡ ያለው ብረት ይበላል። መካኒክ አይደለሁ እንዴ!» የዚያን ዕለት ጸደንያ እራቷን አልበላችም። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ፤ እንዳልተናገረች አለች።

እና ዛሬ ክሬን መጥቶ ያንን ባቡር ከመሬት ሊያነሣው ነው። ይነሣና ይሰባበራል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ባለፈው ክረምት አንድ ዛጎል ሲረግፍ ከሥሩ ያየችው ፌሮ እንደ ብስኩት በጣቷ ፈርሶ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልናገር፣ አልናገር ስትል እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። አሁን ግን ነገሩ ቀለለላት። አባቴ ተሸጥኩ ሲባል ይቆጣል፣ በዱላው ያባርራቸዋል፣ ክሬኑም በመጣበት ይመለሳል አለች በልቧ። ሻዩን ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች።

አቶ ተክለወልድ ከቁራጭ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ጢሙን ይላጫል። ጉንጩ ላይ ሁለት ቦታ ቆርጦት ወረቀት ለጥፎበታል። አልጋው ላይ፣ በአንሶላው ነጭነት ላይ፣ ቀይ ቆብ ተቀምጧል፤ ወርቃማ ክር ያለው፣ አዲስ፣ የዋጋው ወረቀት ገና ያልተነሣለት። ቬንትሌተሩ እየተንቋቋ ያንን ወረቀት ያንቀሳቅሰዋል።

«አየሽው ጸዱ? የጣቢያ ሹም ቆብ ነው።»

«አባባ፣ አንተም አብረህ ትሄዳለህ አሉ እኮ።»

«ታዲያስ! ባቡር ያለ ሹም ይሄዳል?»

አቶ ተክለወልድ እኮ አርባ ዓመት ጥቁር ዘይት ለብሶ፣ በእያንዳንዱ የጣቢያ ሹም «አንተ» እየተባለ ከባቡር ሥር የተጋደመ ሰው ነው። ቀይ ቆብ ሲያልፍ ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ ያየው እንደሁ እንጂ ነክቶት አያውቅም። «ያ ኒዛር የሚሉት የሆቴሉ ሰውዬ ትናንት በአማኑኤል እጅ ልኮልኝ ነው» አላት፤ ቆቡን አንሥቶ ጫነው፤ ጆሮውን ገፋው። ቆቡ ሰፍቶታል። ጸደንያ ጋዜጣ አጥፋ ውስጡን ሞላችለትና መልሳ አደረገችለት። ጢሙን ተላጭቶ፣ ቆቡን ደፍቶ ሲቀመጥ እንዲህ ያማረበትን ቀን አታስታውስም። ሳቀላት። ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀላት! እንግዲህ በዚህ ፊት ላይ ነው «አባባ፣ ባቡርህን ገና ሳይጠና የበላሁት እኔ ነኝ» የምትለው? ሻዩን አስቀምጣ ወጣች።

ወንድሟን ግቢው መሐል አገኘችው፤ ሸሚዙን ይተኩሳል። የዛሬውን ገንዘብ ለምን እንደሚያውለው ቀድማ ታውቃለች፦ ባቡሩ ሲነሣ ቦታው ላይ ሁለት የኪራይ ክፍል ሊሠራ ነው፤ የአንዱን መሠረት በኖራ አስምሮ ጨርሷል። ከዚያ ውጭ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ለአባቱ መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው።

«አማን፣ ክሬኑ ይቅር። ይሰበራል።»

«እኔ ኃላፊ ነኝ። ወገቡን በቀበቶ ነው የሚያነሡት።»

«ውስጡ ዝጓል እያልኩህ።»

«በምን አወቅሽ?»

ይኸው ጥያቄው መጣ። በምን አወቅሽ? «እንዲሁ ስገምት» አለች። አማኑኤል የሸሚዙን ኮሌታ አገላብጦ መተኮሱን ቀጠለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የጸደንያ ዝምታ ግን ወርቅ ሆኖ አያውቅም፤ ይኸው እንደ ብረቱ ዝጓል።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሙኒራ ገባች፤ የዘይድ ልጅ። አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ዓርብ ዓርብ ከቤቷ ምድጃ የወጣ ትኩስ ቂጣና ፉል ይዛላቸው ትመጣለች። ዓርብ ጾም መሆኑን ስለምታውቅ ቅቤ አትነካውም፤ በዘይት ትሠራዋለች፤ «ቅቤ የለውም፣ ወላሂ» ሳትል ሰሃኑን አታስቀምጥም። አማርኛን ከጸደንያ ጋር ገበጣ ስትጫወት ነው የለመደችው። ሁለቱም ባል አላገኙም፤ ሁለቱም አባት ሲያስታምሙ ዕድሜያቸው ሄደ፤ አንዷ ስታነጥስ ሌላዋ ከግድግዳው ማዶ «ይማርሽ» ትላለች። ዛሬ ሰሃኑን በጋዜጣ ሸፍና ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና ክሬኑን ልታይ ከጸደንያ አጠገብ ቆመች። «ጋሽ ተክሌ ንጉሥ መሰለ» አለች።

ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል፤ ክሬኑ ያለ ችግር ከግንቡ ውጭ ቆመ። ኒዛር ነጭ ጫማ አድርጎ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከፒካፑ ወረደ። ባቡሩን አልዞረውም፤ ሽማግሌውን ዞረው። ቆቡን ትንሽ አዘነበለለት፤ ራቅ ብሎ አየው፤ «ፓርፌ»፣ እንከን የለውም፣ አለ፤ ፎቶ አነሣው። ሠራተኞቹ ቀበቶውን ከፉርጎውና ከራሱ ሥር አሳለፉት። አቶ ተክለወልድ ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ። ጸደንያ ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ይህን እመሰክርላታለሁ፤ አንድ እርምጃ ሄዳለች። «አባባ» ብላለችም። አባቷ ግን ፊሽካውን ነፋ፤ ሳንባው የቻለውን ያህል፤ ክሬኑም ሳበ።

ባቡሩ አንድ ክንድ ያህል ከመሬት ተነሣ። ለአንድ አፍታ በእውነት የሚሄድ መሰለ፤ አማኑኤል አጨበጨበ። ከዚያ ከሆዱ አንድ ድምፅ መጣ፤ ትልቅ አይደለም፤ ደረቅ ቂጣ ሲቆረስ እንደሚሰማው ነው። ወገቡ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ራሱ በአፍንጫው ተተከለ፤ ፉርጎው በጎኑ ወድቆ ተንኮታኮተ፤ ዛጎሉ በግቢው ተበተነ፤ የግመሉ ጭንቅላት ተንከባሎ እስከ ኖራው መስመር ሄደና ቆመ። መነጽሩ አልወለቀም። አቧራው ሲያርፍ የቻይና አምፖሎቹ ብቻ ከፍርስራሹ ሥር ብልጭ ድርግም ይላሉ።

አቶ ተክለወልድ አልጮኸም። በዱላው እየተደገፈ ሄዶ ፍርስራሹ አጠገብ ተንበረከከ፤ ከተሰበረው ወገብ ላይ፣ ከመካከሉ፣ ፌሮ ይዞ የነበረውን ቁራጭ አነሣ። ብረቱ ቀይ ዱቄት ሆኖ በመዳፉ ፈሰሰ። ሲሚንቶውን በጥፍሩ ፋቀና ምላሱ ላይ አደረገ። ቆየ። ሌላ ቁራጭ አነሣ፣ ከዚያም ጥልቅ ከሆነ ቦታ፤ እሱንም ቀመሰ። መካኒክ ነው፤ የተሰበረ ነገር መርምሮ ምክንያት ሳያገኝ መነሣት አይሆንለትም።

«ከውስጥ ነው» አለ። «ነፋስማ እዚህ ድረስ አይገባም። ውሃው ነው።»

ጸደንያ በልቧ፣ አለቀ፣ አሁን ዞሮ ያየኛል አለች። እንዲያውም ቢያያት ተመኘች፤ ይየኝና ይውጣልኝ አለች። ሽማግሌው ግን ያየው ወደ ግድግዳው ማዶ ነበር፤ ቦኖው ወደነበረበት።

«ዘይድ!» አለ። «ዘይድ፣ ጨው ያለበት ውሃ ነው የሸጥክልኝ! አንድ ገበታ የበላን፣ ሠላሳ ዓመት ሻይ የጠጣን! ቀብርህ ላይ ቆሜ እንደ ወንድም ያለቀስኩልህ! አንተ ሌባ፣ አንተ ቀጣፊ፣ ነፍስህን አይማረው!»

ሙኒራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ጋሽ ተክሌ፣ አባቴ እኮ ያንኑ ውሃ ለእኛም ያጠጣን ነበር» አለች።

«ታዲያ ይሄ ጨው ከየት መጣ? ከሰማይ?» ዞረ፤ አሁን ልጁን አያት፤ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። «ጸዱ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ የምትቀጂው? ከዘይድ ቦኖ አይደለም? ንገሪያት!»

አማኑኤል አያት፤ ኒዛር ሰዓቱን አየ፤ ሙኒራ አየቻት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ሰው ጸደንያን አያውቃትም። ሠላሳ ሦስት ዓመት አድሮ፣ ጠርቶ፣ ምላስ ላይ ተቀምጦ ሳለ አልወጣም። አባቷ ከቆቡ ሥር የሚያያት እንደ ሕፃን ነበር፤ በዚህች ሰዓት ያለችው እሷ ብቻ ናት።

«አዎ አባባ» አለች። «ከዘይድ ነው።»

የሙኒራ ነጠላ ጫማ ዛጎሉን እየሰባበረ እስከ በሩ ሲሄድ ተሰማ።

ከዚያ ኋላ የሆነው ሁሉ ፈጣን ነው። አማኑኤል ኒዛርን ለመለመን ሮጠ፤ መለመን አላስፈለገውም። ኒዛር ፍርስራሹን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገና ይሄ ችግር አይደለም አለ፤ ባቡሩን ከዱባይ በፕላስቲክ አሠርቶ ያስመጣል፤ እንዲያውም ይቀላል፤ ዝናብ አያበላሸውም። እንባውንም በቧንቧ ያደርጉለታል። ሽማግሌው ግን ዛሬ ሥራ መጀመር አለበት፤ ከሰዓት መርከብ ይገባል። ክፍያው ስድሳ ሺህ ይሆናል፤ ባቡሩ ስለሌለ። አማኑኤል እሺ አለ። አቶ ተክለወልድን ከፍርስራሹ አንሥተው ጉልበቱን አራገፉለት፤ ቆቡን አቃኑለት። እምቢ አላለም። ፒካፑ ላይ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጡት፤ ያን የሲሚንቶ ቁራጭ አልለቀቀም፤ በመስኮቱ ወደ ዘይድ ቤት እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የግመሉንም ጭንቅላት ከኋላ ጫኑት፤ ኒዛር እሱን ወዶታል።

ጸደንያ ስትጠርግ ዋለች። ሰባት ሰዓት ላይ የጫት መኪናዎቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ አለፉ፤ ከተማው እንደ ወትሮው ነፍስ ዘራ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ተኛ። ዛጎሉን ለብቻ፣ ሲሚንቶውን ለብቻ፣ የጠርሙሱን ቂጥ ለብቻ ከመረች። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ፤ አማኑኤል ፎቶ ልኮላታል። አባቷ መዋኛው ዳር፣ የፕላስቲክ ዘንባባ ሥር፣ ነጭ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዲት በፀሐይ ተቃጥላ የቀላች ፈረንጅ ትከሻውን አቅፋለች። የግመሉ ጭንቅላት ጭኑ ላይ ነው፤ ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው። አማኑኤል ከሥሩ «ወደውታል! የዘይድን ታሪክ እየነገራቸው ነው፤ እኔ እተረጉማለሁ። ባቡሩን የገደለው ሌባ እያልን» ብሎ ጽፏል። ሦስት የሚስቅ ፊት አክሎበታል። ጸደንያ ፎቶውን አጉልታ የአባቷን ዓይን አየች፤ ስልኩንም ገልብጣ አስቀመጠችው። እንግዲህ በየቀኑ ነው። ከሦስት እስከ ምሳ፣ ከአሥር እስከ ማታ፣ መርከብ በገባ ቁጥር።

የሙኒራ ሰሃን ደጃፉ ላይ፣ ጋዜጣው አቧራ እንደለበሰ አለ። ጸደንያ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ቂጣውን ግን መቅመስ አልቻለችም። ለድመት ሰጠችው። ሰሃኑን አጠበች፤ ደግማ አጠበች። የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም፤ ይህን እናቷ ሳትሞት ያስተማረቻት ነገር ነው፤ ሁለቱ ቤቶችም አርባ ዓመት አፍርሰውት አያውቁም። ማድ ቤቱን ፈተሸች፤ አንድ ኪሎ ስኳር ነበረ፤ ሰሃኑን ሞልታ ያዘች። እነግራታለሁ አለች። ለአባቴ ባልነግረው ለእሷ እነግራታለሁ፤ ባሕሩን፣ በረዶውን፣ ሁሉን። እስከ ሙኒራ በር ሃያ እርምጃ ነው፤ ሃያውንም እርምጃ እነግራታለሁ እያለች ሄደች።

ሙኒራ በሩን ግማሽ ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የዘይድ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የቦኖውን ቁልፍ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ የተነሣው።

«ሙኒራ» አለች ጸደንያ። «አባባ አርጅቷል። የሚለውን አያውቅም። አትቀየሚው።»

«እሱንስ አልቀየመውም» አለች ሙኒራ። «አንቺ አላረጀሽም።»

ሰሃኑን ተቀበለቻት። የጸደንያን ነጠላ ጫፍ በእርጋታ ሳበችና ስኳሩን በሙሉ እዚያ ላይ ገለበጠችው፤ አንዲትም ፍሬ ሳይቀር ሰሃኑን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አራገፈችው። ከዚያ ባዶውን ሰሃን ይዛ ገባችና በሩን ዘጋችው። ጸደንያ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆመች። ከግድግዳው ማዶ ሙኒራ ስታነጥስ ሰማች፤ «ይማርሽ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም።